ሚስማሩ አልሰምጥ ሲል
ርካሽ ብራድ ኔይለር (በአየር ግፊት ቀጭን ሚስማር የሚመታ ማሽን) ገዝቼ የሳሎኑን ዞኮሎ መምታት ጀመርኩ። ለስላሳው እንጨት ላይ ማለፊያ ነበር። ጠንካራው ላይ ግን የሚስማሩ ጭንቅላት ወጥቶ ይቀራል። ጭራሽ አንዱ ሚስማር የማሽኑ አፍ ላይ ተጣሞ ተቀረቀረ።

መጀመሪያ የአየር ቱቦውን ነቀልኩ። ይሄን ሳያደርጉ አፉን መነካካት ቀልድ አይደለም! ከዚያ የፊት መቆለፊያውን ከፍቼ የተጣመመውን ሚስማር በፒንሳ ጎትቼ አወጣሁት። አየር መግቢያው ላይ ለአየር መሣሪያ የሚሆን ዘይት ጠብ አደረግኩ። የአየር ግፊቱን ከ70 ወደ 90 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ከፍ አደረግኩት፤ ማሽኑ ላይ የተጻፈው ጣሪያ 100 ነው። መተኮሻ ምላጩ አጠገብ ያለችውን የጥልቀት ማስተካከያም ቁራጭ እንጨት ላይ እየሞከርኩ አዞርኳት።

አሁን ባለ 18 ጌጁ (ጌጅ የውፍረት መለኪያ ነው) ሚስማር ጥርግ ብሎ ይገባል። ቀዳዳውን ትንሽ ስቱኮ ይደፍነዋል። ለዞኮሎና ለፎቶ ፍሬም እሰየው ነው፤ ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር ግን በዚህ ቀጭን ሚስማር ብቻ አላምነውም።