ክሎዠሩ ኮፒ ይዞ አይሄድም፦ ጎሩቲን ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሰሞኑን የአንድ ጀማሪ ልጅ የጎላንግ (ጎ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ) ኮድ ሳይ ያው የማውቀው ነገር መጣ። ኮዱ ንጹህ ነው፣ ስሞቹ ያምራሉ፣ ቴስቱም አልፏል። መሃል ላይ ግን አንድ ክሎዠር (ከውጭው ያሉ ተለዋዋጮችን የሚጠቀም ፈንክሽን) አለ፤ ስምንት ጎሩቲኖች (ጎን ለጎን የሚሮጡ ሥራዎች) አንዱን ተለዋዋጭ ይዘው ይጓተታሉ። "ኮፒ ይዞ የሚሄድ መስሎኝ ነው" አለኝ። አልፈረድኩበትም። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

በጎላንግ ክሎዠር ከውጭ ያለን ተለዋዋጭ ሲጠቀም ዋጋውን ገልብጦ አይወስድም። ተለዋዋጩን ራሱን ነው የሚይዘው። ውጭ ያለው ኮድ በኋላ ዋጋውን ቢቀይር ክሎዠሩም የሚያገኘው አዲሱን ነው። ብቻውን ሲሠራ ይሄ ምቾት ነው። ሁለት ጎሩቲን ሲገባበት ግን ጣጣው ይጀምራል።

የጋራ ኢረር

ይህቺን ቀስ ብዬ ልናገራት፣ ምክንያቱም ቂም አለኝ።

ፈንክሽኑ አናት ላይ ኢረር የሚባል ተለዋዋጭ ይታወጃል። ዝቅ ብሎ ጎሩቲን ይነሳል፤ ውስጡ ዳታቤዝ ላይ ይጽፍና ውጤቱን በእኩል ምልክት ብቻ ለዚያው ኢረር ይሰጣል። ዋናው ፈንክሽን ደግሞ በዚያው ቅጽበት ሌላ ሥራ ይጠራል፣ የሱንም ውጤት እዚያው ኢረር ላይ ያሳርፋል። ቀጥሎ "ኢረር ባዶ ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። የማን ኢረር? የቀደመው የተሳካ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ የወደቀውም ሊሆን ይችላል። አንዱ ሌላውን ረግጦታል።

አንድ ቦታ ስሠራ ይሄ ነገር አንድ ሳምንት ሙሉ አሳብዶናል። ሲስተሙ "ተመዝግቧል" ብሎ ይመልሳል፤ ዳታቤዙ ውስጥ ግን መዝገቡ የለም። ሎጉ ላይ አንድም ስህተት የለም። ኔትወርኩን ጠረጠርን። ዳታቤዙን ጠረጠርን። እርስ በርሳችንም መጠራጠር ጀምረን ነበር። በመጨረሻ የተገኘው ከእኩል ምልክቱ በፊት የጎደለ ሁለት ነጥብ ነው። ሁለት ነጥቡ ካለ ጎሩቲኑ የራሱን አዲስ ኢረር ያውጃል። ከሌለ የጋራውን ይረግጣል። መስመሯን የጻፍኳት እኔ ነበርኩ።

ሁለት ነጥቡን ጨምሮ መሄድ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ያኔ ኢረሩ ጎሩቲኑ ውስጥ ተወልዶ እዚያው ይሞታል፤ ማንም አያየውም። ወይ በቻናል (ጎሩቲኖች ዋጋ በሚቀባበሉበት መስመር) አውጡት፣ ወይ ኢረርግሩፕ ተጠቀሙ። ኢረርግሩፕ ሁሉም እስኪጨርሱ ጠብቆ መጀመሪያ የወደቀውን ኢረር ይመልስላችኋል። ለሦስት ጎሩቲን የራሳችሁን አትፍጠሩ፤ በናታችሁ።

"እኔ 1.22 ነኝ፣ አይመለከተኝም"

የሉፕ ተለዋዋጭ ጉዳይ የታወቀ ነው። ድሮ ሉፑ ስንቴም ቢዞር ተለዋዋጩ አንድ ነበር፤ አሥር ጎሩቲን ታስነሳላችሁ፣ ብዙ ጊዜ አሥሩም የመጨረሻውን ቁጥር ያትማሉ። ሲ ሻርፕም ፎርኢች ላይ ይሄው ችግር ነበረበት፤ በፈረንጆቹ 2012 አስተካከለው። ጎላንግ ደግሞ በ2024 መጀመሪያ በወጣው 1.22 ቨርዥኑ በየዙሩ አዲስ ተለዋዋጭ መስጠት ጀመረ።

ጥሩ ነው። ግን ጎ ሞድ ፋይላችሁ (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ የተጻፈው ቨርዥን ከ1.22 በታች ከሆነ፣ ኮምፓይለሩ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን የድሮው ጠባይ ይቀጥላል። ከሉፑ ውጭ ያወጃችሁት ተለዋዋጭም ዛሬም የጋራ ነው። እሱን ማንም አልነካላችሁም።

ቆጣሪ ላይ አንድ መደመር

አንድ መስመር ስለሆነ አንድ ሥራ ይመስላል። ሦስት ነው፦ ማንበብ፣ መደመር፣ መልሶ መጻፍ። ሁለት ጎሩቲኖች እኩል 41 ካነበቡ ሁለቱም 42 ይጽፋሉ፤ አንዷ ቆጠራ ጠፋች ማለት ነው። አቶሚክ ተጠቀሙ፤ ሦስቱን ሳይቆራርጥ እንደ አንድ ይሠራቸዋል።

ስሊፕ

ዳታ ሬስን (ጎሩቲኖች ሳይጠባበቁ አንድ ተለዋዋጭ ላይ መጋጨታቸውን) በመቶ ሚሊሰከንድ ስሊፕ (ቆይታ) "ያስተካከለ" ሰው ምንም አላስተካከለም፤ ሰርቨሩ ጫና በሚበዛበት ሌሊት እንዲነሳበት ቀጠሮ ይዟል።

የዌይትግሩፑ አድ ጎሩቲኑ ውስጥ

ዌይትግሩፕ ጎሩቲኖች እስኪጨርሱ ለመጠበቅ የሚረዳ ቆጣሪ ነው፤ አድ ይጨምርበታል፣ ደን ይቀንስለታል፣ ዌይት ዜሮ እስኪሆን ይጠብቃል። አድ ከጎሩቲኑ በፊት ነው የሚጠራው። ውስጥ ካስገባችሁት ዋናው ፈንክሽን ዌይት ጋ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፤ ቆጣሪው ዜሮ ስለሆነ ማንንም ሳይጠብቅ ያልፋል። ከ1.25 ጀምሮ ዌይትግሩፕ ራሱ ጎ የሚባል ሜተድ አለው፣ አዱንም ደኑንም እሱ ይጨርሰዋል።

ሎኩን ኮፒ ማድረግ

ስትራክቱ ውስጥ ሙቴክስ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ጎሩቲን ብቻ የሚያስገባ ሎክ፣ አለ። ስትራክቱን በፖይንተር ሳይሆን በዋጋ ለፈንክሽን ትሰጡታላችሁ። አሁን እያንዳንዱ ጎሩቲን የየራሱ ሎክ አለው፤ ሁሉም በየራሱ በር ቆልፎ ወደ አንድ ክፍል ይገባል። ጎ ቬት (ከጎላንግ ጋር የሚመጣው ኮድ መርማሪ) ይህን ይነግራችኋል። አስኪዱት ብቻ።

ሎክ ለመጻፍ ብቻ ነው የሚል እምነትም አለ። ማፕ ላይ አንዱ እየጻፈ ሌላው ያለ ሎክ ቢያነብና ራንታይሙ ቢደርስበት ፕሮግራሙን በሙሉ ያወርደዋል። ሪከቨር (ፓኒክ መያዣው) አያድንም፤ ሞክረን አይተነዋል።

ሎክ ይዞ የሰው ክሎዠር መጥራት

ካሽ ጻፋችሁ እንበል። የተጠየቀው ነገር ከሌለ ተጠቃሚው የሰጣችሁን ክሎዠር ትጠራላችሁ፤ ሎኩን እንደያዛችሁ። ሰውየው ደግሞ ክሎዠሩ ውስጥ ያንኑ ካሽ ሌላ ነገር ይጠይቃል። አለቀ። የጎላንግ ሙቴክስ ማን እንደያዘው አያውቅም፤ ራሱ የቆለፈው ያው ጎሩቲን ተመልሶ ቢመጣም በሩ ላይ ያቆመዋል። ጃቫ ላይ ሲንክሮናይዝድ ያንኑ ትሬድ ደግሞ ያስገባዋል፣ ስለዚህ ከዚያ የመጡ ጎበዞች እዚህ ይደናቀፋሉ። መጀመሪያ ሎኩን ልቀቁ፣ ከዚያ ክሎዠሩን ጥሩት።

ሬስ ዲቴክተሩ ዝም ካለ ሰላም ነው ማለት

ሬስ ዲቴክተር ዳታ ሬስን የሚፈልግ መሣሪያ ነው። ከጎላንግ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፣ ቴስት ስታስኬዱ አንድ ፍላግ መጨመር ብቻ ነው። ሚሞሪውን ከ5 እስከ 10 እጥፍ፣ ጊዜውን ከ2 እስከ 20 እጥፍ ሊወስድ ስለሚችል ፕሮዳክሽን ላይ ሁልጊዜ አይበራም። ሲጮህ እመኑት። ዝም ሲል ግን ያየው የሮጠውን ኮድ ብቻ መሆኑን አትርሱ። የልጁ ቴስት አንድ ጎሩቲን ብቻ ነበር የሚያስነሳው፤ ከማን ጋር ይጋጭ?

ኮምፓይለሩን መሸወድ

ጃቫ ላምዳ (የጃቫ ክሎዠር) ውስጥ የሚገባ የአካባቢ ተለዋዋጭ ዋጋው እንዳይቀየር ያስገድዳል። ረስት ደግሞ ይብሳል፤ ወደ ሌላ ትሬድ መሄድ የሌለበትን ነገር፣ ለምሳሌ አርሲን (በአንድ ትሬድ ውስጥ ብቻ የሚሠራ የጋራ ፖይንተር)፣ የያዘ ክሎዠር ስፖውን (አዲስ ትሬድ ማስነሻው) ላይ ጭራሽ አያሳልፍም። ጀማሪ ይበሳጫል። ገባኝ። ግን ጃቫ ላይ ተበሳጭቶ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ? ቁጥሩን አንድ ቦታ ብቻ ባለው አሬይ ውስጥ ይከተዋል። አሬዩ ስላልተቀየረ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፤ ውስጡ ያለው ቁጥር ግን እንደበፊቱ ሁሉም ትሬድ ይጽፍበታል። አቶሚክ ኢንቲጀር እዚያው ተቀምጦ እያለ! ሪቪው ላይ እንዲህ ያለ አሬይ ካየሁ የቀረውን ሳላነብ ነው የምመልሰው።