ባለ ጥምጥሙን ሰውዬ ከማመናችሁ በፊት፦ የቪክቶሪያ ዘመን የውሃ ቀለም ሥዕል እንዴት ይመረመራል?

ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን በገዛችባቸው ዓመታት (እ.ኤ.አ. 1837–1901) የአገሯ ሠዓሊዎች ካፍታን (የምሥራቅ ረጅም ቀሚስ)፣ ጥምጥም ወይም የሕንድ ሻል ያደረጉ ሰዎችን በውሃ ቀለም መሣል ይወዱ ነበር። ሥዕሎቹ ዛሬም በጨረታና በአሮጌ ዕቃ ሱቅ ይገኛሉ። አንዱ እጃችሁ ከገባ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ልብሱ ነው። እኔ ግን ልብሱን አቆዩት እላለሁ። ከወረቀቱ ጀምሩ።

መጀመሪያ በአጉሊ መነፅር እዩት። በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካሉ ሕትመት ነው፤ ብዙ አትልፉ። በእጅ የተሣለ ከሆነ ቀለሙ ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል፣ የእርሳስ መስመርም ከሥር ሊታይ ይችላል።

ቀጥሎ ሥዕሉ የራሳችሁ ከሆነ ከፍሬሙ በጥንቃቄ አውጡትና ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዙት። ከ1794 በኋላ ብዙ የእንግሊዝ ወረቀት ውስጡ የፋብሪካው ስምና ዓመተ ምሕረት አለበት፤ «ዋትማን» የሚለው በጣም የታወቀ ነው። 1850 የሚል ካገኛችሁ ሥዕሉ ከዚያ በፊት አልተሣለም። በኋላ ግን ሊሆን ይችላል፤ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣላ።

በፍሬሙ ተሸፍኖ የቆየውን ጠርዝ ከመሃሉ ጋር አስተያዩ። ካርሚን የሚባለው ቀይና ኢንዲጎ ብርሃን አይችሉም። ስለዚህ ዛሬ ፈዛዛ የሚመስለው ሥዕል ሲሣል ደማቅ የነበረ ሊሆን ይችላል።

አሁን ነጩን ፈልጉ። ብዙ ሠዓሊዎች ነጭ የሚፈልጉበትን ቦታ ወረቀቱን እንዲሁ ይተዉት ነበር። በ1834 ዊንዘር ኤንድ ኒውተን የተባለው የቀለም ኩባንያ ከዚንክ የተሠራ ወፍራም ነጭ ቀለም ካወጣ በኋላ ግን የዳንቴሉን ክር፣ የዕንቁውን ብልጭታ በላዩ ላይ መጨመር ቀለለ። ታይታኒየም ነጭ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቀለም ስለሆነ አንድ ሰው በኋላ ነካክቶታል፣ ወይም ሥዕሉ ራሱ አዲስ ነው።

ልብሱ ላይ ደረስን። እንግሊዛዊውን ሠዓሊ ጆን ፍሬድሪክ ልዊስን እንውሰድ። ከ1841 እስከ 1851 ካይሮ ኖሯል። ሠዓሊው ራሱ እዚያ የአገሬውን ልብስ ይለብስ ነበር። ወደ እንግሊዝ ከተመለሰ በኋላም ካይሮን መሣሉን አልተወም፤ ንድፎቹና ያመጣቸው ልብሶች ነበሩት፣ ሚስቱ ማሪያንም ሞዴል ሆናለታለች። ገና ካይሮ ሳለ በ1850 ለንደን ላይ የታየለትና ስሙን ያገነነው የሐረም (የሴቶች እልፍኝ) ሥዕል አዲስ የመጣች ሐበሻ ባሪያ መሸፈኛዋ ሲገለጥ ያሳያል። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ሲቆም ልቡ መነካቱ አይቀርም። ቢሆንም ጥያቄው ያው ነው፦ ለሠዓሊው የተቀመጠው ማነው?

ለመልሱ የሚረዱ ነገሮች አሉ። አንድ ካባ በአንድ ሠዓሊ ሁለት ሦስት ሥዕል ላይ፣ በተለያየ ሰው ትከሻ ላይ ከታየ የስቱዲዮ ልብስ ነው። የኦቶማን መንግሥት በ1829 ሹማምንቱ ጥምጥም ትተው ታርቡሽ (ፌዝ የሚባለውን ቆብ) እንዲያደርጉ አዟል፤ የሃይማኖት ሰዎች ግን ጥምጥማቸውን አልተዉም። ስለዚህ «የ1855 የቱርክ ሹም» ተብሎ ትልቅ ጥምጥም የጠመጠመ ካያችሁ ተጠራጠሩ። ሰውየው እንግሊዛዊም ሊሆን ይችላል። ከምሥራቅ የተመለሱ መንገደኞች በዚያ ልብስ መሣል ይወዱ ነበር።

ጀርባውን አትርሱ። የፍሬም ሠሪው አድራሻ ያለበት ወረቀት ከተገኘ ዘመኑን ለማጥበብ ይጠቅማል። «ሐበሻ»፣ «ኑቢያዊ»፣ «ሙር» የሚሉ ጽሑፎች ግን ነጋዴ በኋላ የለጠፋቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የእጅ ጽሑፉን ከፊርማው ጋር አስተያዩ። ካልተመሳሰለ በመዝገባችሁ ላይ «ማንነቱ ያልታወቀ ሰው፣ በምሥራቅ ልብስ» ብላችሁ ጻፉ፤ የጀርባውን ጽሑፍም እንዳለ ገልብጡ። ስትሰቅሉት ከመስኮት አርቁት፤ ሙዚየሞች እንኳ ለውሃ ቀለም ብርሃኑን ወደ 50 ለክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ዝቅ ያደርጋሉ።