በአሮጌ ኮምፒውተር በስልክ መስመር ኢንተርኔት ለምትጠቀሙ

በዊንዶውስ 98 የሚሠራ ኮምፒውተራችሁ በስልክ መስመር ከኢንተርኔት አልገናኝ ሲላችሁ፣ የግንኙነቱን ፕሮግራም አጥፍታችሁ እንደገና ከመጫናችሁ በፊት ገመዱን እንድትመለከቱ አጥብቄ እመክራለሁ። ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኙት መሣሪያዎች፣ ማለትም ሞደሞች፣ አብዛኞቹ ሁለት ተመሳሳይ መሰኪያዎች ስላሏቸው፣ ከግድግዳው የሚመጣው ገመድ «ፎን» በሚለው ሳይሆን «ላይን» በሚለው መሰካቱን አረጋግጡ። ከዚያም በኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ሞደምስ» የሚለውን ከፍታችሁ፣ በ«ዳያግኖስቲክስ» ገጽ ሞደሙ የተያያዘበትን ፖርት (መገናኛ) መርጣችሁ «ሞር ኢንፎ» የሚለውን ስትጫኑ ሞደሙ መልስ ከሰጠ፣ ችግሩን ከመሣሪያው ይልቅ በመስመሩ ወይም በአደዋወሉ ፈልጉት።

አሜሪካ ለምትኖሩ በተለይ የማሳስበው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን፣ መስመሩ በተያዘበት ጊዜ ሌላ ጥሪ መምጣቱን የሚያሳውቀውን የኮል ዌይቲንግ አገልግሎት ነው። ሌላ ሰው ሲደውል የሚሰማው ምልክት፣ በተለይ በቆዩ ሞደሞች ላይ፣ ግንኙነቱን መሀል ላይ ሊቆርጠው ይችላል፤ ስለዚህ አገልግሎቱን ለዚያ ጥሪ ለማጥፋት፣ ከሚደወለው ቁጥር በፊት ኮከብ 70 (*70) እና አንድ ኮማ አስገቡ። ኮማው ሞደሙን ሁለት ሰከንድ ያህል ስለሚያስጠብቀው፣ የመስመሩ ድምፅ ተመልሶ እስኪሰማ ጊዜ ይሰጠዋል። አገልግሎቱ በሌለበት መስመር ግን ይኸው ኮድ ጥሪውን ሊያሰናክለው ስለሚችል፣ አስቀድማችሁ በተራ ስልክ ሞክሩት።

የምትደውሉበት ቁጥር የአካባቢ ጥሪ መሆኑንም የስልክ ድርጅታችሁን ጠይቁ፤ የሩቅ ጥሪ ከሆነ በየደቂቃው ሊያስከፍላችሁ ይችላል። በሰከንድ 56 ኪሎቢት ፍጥነት ያለው ሞደም አሜሪካ ውስጥ ከ53 ኪሎቢት በላይ ስለማይቀበል፣ በ45 ኪሎቢት አካባቢ ከተገናኘላችሁ መስመራችሁ ጥሩ ነው።