በሀዋሳ የሰፈር ጠብን በበጎ ፈቃድ ሽምግልና እንዴት መፍታት ይቻላል?

በሀዋሳ በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ተከራዮች ሁሉ በአንድ የመብራት ቆጣሪ መጠቀማቸው የተለመደ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ለሥራ የመጡ ወጣቶች አንዱን ክፍል ለሦስትና ለአራት ሆነው ስለሚከራዩ፣ የወሩ ሒሳብ በመጣ ቁጥር ንትርክ ይነሣል። እንዲህ ያለው ጉዳይ፣ የአጥርና የፍሳሽ ጣጣም ጭምር፣ ክስ ሳይከፈት በሰፈር ሽማግሌዎች ሊያልቅ ይችላል፤ ሽማግሌዎቹ አሠራሩን ካወቁበት ነው ታዲያ።

በቅድሚያ ጉዳዩ ለሽምግልና የሚሆን መሆኑን ይለዩ። አስገድዶ መድፈር፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻና አካል የሚጎዳ ድብደባ የፖሊስ ጉዳዮች ናቸው፤ ተበዳይዋ ፈርታ «ታርቄያለሁ» ብትል እንኳ ሽማግሌ በእነዚህ መካከል ሊገባ አይገባም። በሌላውም ቢሆን ማንም ተገዶ አይቀርብም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሦስት ሽማግሌዎች ይመረጡ። ሁለቱም ወገኖች የሚቀበሏቸው፣ ከማናቸውም ጋር ዝምድናም ሆነ የገንዘብ ጉዳይ የሌላቸው መሆን አለባቸው፤ ተጣይዋ ሴት ከሆነች ቢያንስ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል። ሀዋሳ ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ ስለሆነች ባለጉዳዩ በአማርኛ እየተንተባተበ እንዳይበደል ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚሰማ ሰው ከመካከላቸው ይኑር።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚጠይቀው ሁለቱን ለየብቻ መስማት ነው። አፊኒ የተባለው የሲዳማ ባህላዊ የዕርቅ ሥርዓት ስሙ ራሱ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው፤ ከመፍረድ በፊት መስማት እንደሚቀድም ከዚህ በላይ የሚነግረን ያለ አይመስለኝም። አንዲት ተከራይና አከራይዋ በመብራት ሒሳብ ተጣልተዋል እንበል። በጋራ ቢጠየቁ ሁለቱም ስለ ብር ብቻ ይናገራሉ። ለየብቻ ሲጠየቁ ግን ልጅቷ «ሊጡ ምጣድ ላይ እያለ ማብሪያውን ከውጭ አጠፉብኝ» ትላለች፤ አከራይዋም «ስትወጣ ስትገባ ሰላምታ ነሥታኛለች» ይላሉ። ይህ ሳይወጣ ብሩን ብቻ ያካፈለ ሽማግሌ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይጠራል።

የጋራው ስብሰባ በአከራይዋ ሳሎን ሳይሆን እንደ እድር ቤት ባለ ገለልተኛ ቦታ ይሁን። አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ በመጀመሪያ ቃል ይገቡ፤ ስልክም ይዘጋ። ቡናው ከስምምነቱ በኋላ ቢፈላ እመርጣለሁ፤ የሰው ቡና የጠጣ ሰው «አልተስማማሁም» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋልና። ሽማግሌዎችም «ስለ እኛ ብላችሁ ይቅር ተባባሉ» ለማለት ባይቸኩሉ መልካም ነው፤ ስለ ሽማግሌ ሲል የታረቀ ሰው ሽማግሌው ዞር ሲል ቂሙን መልሶ ያነሣል።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይስፈር። «ከእንግዲህ በሰላም ይኑሩ» የሚለው ምኞት እንጂ ስምምነት አይደለም። ለየክፍሉ አነስተኛ ቆጣሪ እስከ ስንት ቀን እንደሚገጠም፣ የገጣሚውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል፣ ሒሳቡ በመጣ በስንት ቀን እንደሚከፈልና ማብሪያውን ከውጭ ማጥፋት መከልከሉ በግልጽ ይጻፍ። ባለጉዳዮቹና ሽማግሌዎቹ ፈርመውበት ለእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ቅጂ ይሰጥ። ዕርቅን የሚመለከተው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ስለሆነ፣ የቤት ባለቤትነትን ወይም ውርስን የሚነካ ነገር ካለ ከመፈረም በፊት ሕግ አዋቂ ቢያየው ይበጃል። ሽማግሌዎቹ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ በመሆናቸው ከማናቸውም ወገን ገንዘብ አይቀበሉም፤ የባጃጅ ሒሳብ እንኳ በአንዱ ወገን ብቻ ቢሸፈን ነገ ሐሜት ያመጣል።

የመጀመሪያው ወር ሒሳብ ሲደርስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ግቢው ብቅ ብሎ የየክፍሉን ቆጣሪ ንባብ ከደረሰው ሒሳብ ጋር ያመሳክር፤ የቀረ ነገር ካለም ሁለቱን እዚያው ጠርቶ ያነጋግር።