ፕሪንተሩ ትሪው ሞልቶ ወረቀት አስገቡ ካለ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የምንገዛው ወረቀት ኤ4 ነው። የፖስትስክሪፕት ፕሪንተር መግለጫ ፋይል (የፕሪንተሩን አማራጮች ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ግን ብዙ ጊዜ ሌተር የሚባለው የአሜሪካ ወረቀት መጠን ተመርጦበት ይመጣል። ፕሪንተሩ የሚገትራችሁ ለዚህ ነው፤ የሌለ ወረቀት እየጠበቀ።

ሊኑክስ ተርሚናል ላይ «ኤልፒኦፕሽንስ -ፒ»፣ የፕሪንተሩን ስም፣ ከዚያ «-ኤል» ጻፉ። የወረቀት መጠኑ (ፔጅሳይዝ) መስመር ላይ ኮከብ ያለበት የተመረጠው ነው። ሌተር ከሆነ «ሱዶ ኤልፒአድሚን -ፒ»፣ ስሙን፣ ከዚያ «-ኦ ፔጅሳይዝ=ኤ4» በሉት፤ ሱዶ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚያስኬድ ነው። በላቲን ፊደል መሆኑ ግልጽ ነው፤ የፔጅ ፒ፣ የሳይዝ ኤስ እና የኤ4 ኤ ብቻ ትልልቅ ይሁኑ፣ በፔጅና በሳይዝ መካከልም ክፍተት አይግባ።

በኤልፒአድሚን የተቀየረው ኮምፒውተሩን ለሚጠቀም ሁሉ ይሠራል። ያለ ሱዶ በኤልፒኦፕሽንስ ብትቀይሩት ግን ለእናንተ ብቻ ነው። ሰነዱ ራሱ በሌተር ከተሠራ ይህ አይበቃም፤ መጠኑን እዚያው ሰነዱ ላይ አስተካክሉ።