የሴት ውሻ የጡት እብጠት፦ ችግርና መፍትሄ

ጡቶቿ በሙሉ ያጋቱት ድራቷ ካለፈ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሐሰት እርግዝና ነው። አትለቧት፤ በታለበ ቁጥር ወተቱ ይጨምራል።

የምታጠባ ውሻ አንድ ጡቷ ቢቀላና ቢያተኩስ ብግነት ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ በፀረ ባክቴሪያ ይታከማል። ሳታጠባ ጡቷ ቀልቶ፣ ግሎና ጠጥሮ አላስነካ ካለች ግን ብግነት መሳይ ካንሰር ሊሆን ይችላል። እሱን ቀዶ ሕክምና አያድነውም፤ የሚደረገው ሕመሟን ማስታገስ ነው።

ዘወትር የሚያጋጥመኝ ግን ይኸኛው ነው።

ምልክት፦ ጠጣር፣ የማያም እብጠት፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ እግሮች በሚጠጉት ሁለት ጥንድ ጡቶች ላይ።

ምክንያት፦ በቀዶ ሕክምና ባልመከነች፣ ዕድሜዋ በገፋ ውሻ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጡት ዕጢ ነው። ከዕጢዎቹ ግማሽ ያህሉ አደገኛ (ካንሰር) ናቸው፤ በጣት ዳስሼ እለየዋለሁ የሚላችሁን አትመኑ። ድራት ለማስቀረት የሚወጋው የሆርሞን መርፌም አደጋውን ይጨምራል።

አንድ ባለ ውሻ «አተር ነው የሚያህለው፣ አያማትም፣ እንከታተለው» ብለው ሄዱ። በስምንተኛው ወር ሲመለሱ መለኪያዬ 6 ሴንቲ ሜትር አነበበ፤ ቆዳው ተቀዶ ይሸታል። በራጁ ላይ ሳንባዋ ክብ ክብ ነጠብጣብ አውጥቷል፤ ዕጢው ተዛምቷል ማለት ነው። በእነዚያ ስምንት ወራት እብጠቱን አንድ ቀን እንኳ የለካው ሰው አልነበረም።

መፍትሄ፦ ከ3 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ ማውጣት። በመርፌ የሚወሰድ ናሙና እብጠቱ ስብ ወይም ሌላ የቆዳ ዕጢ መሆኑን ለማጣራት ይጠቅማል፤ አደገኛውን ከደህነኛው ለመለየት ግን አያስተማምንም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አሥሩንም ጡቶች፣ የብብትና የብሽሽት ንፍፊቶችን ዳስሱ፤ ደረቷን በግራ፣ በቀኝና በጀርባዋ አስተኝታችሁ ራጅ አንሱ። ሳንባ ሳይታይ ቢላዋ አይነሣም።

የወጣው እብጠት ሁሉ እንዳይበላሽ ለየብቻው ፎርማሊን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ለፓቶሎጂ (ለላቦራቶሪ ምርመራ) ይላካል። ሌላ ቦታ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት የመጣች ውሻ ነበረችኝ፤ እብጠቱ የት ደረሰ ብል «ተጣለ» ተባልኩ። ጠባሳው አጠገብ ሌላ አብጦ ነበር፤ የፊተኛው ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሕመሟን ለማስታገስ የሰው ኢቡፕሮፌን አትስጧት፤ ጨጓራዋንና ኩላሊቷን ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ማሸት፣ ቅጠል መለጠፍ፣ በመርፌ ማፍረጥ፦ ሁሉም ክልክል ነው። ስፌቱን እንዳትልስ የአንገት መከላከያው አይውለቅ። የቀሩትን ጡቶች በየወሩ ዳስሱ፤ አዲስ እብጠት ከእነሱ ሊወጣ ይችላል።