ቋጠሮው ለምን ይላላል? የጃፓን አጥር ገመድ ችግርና መፍትሄ

«የጃፓን ገመድ አስተሳሰር» ሲባል ሐሳባችሁ ሌላ ቦታ ከሄደ መልሱት። የማወራው ስለ አትክልት ቦታ ነው፤ ቀርከሃን ከቀርከሃ ጋር ስለሚያስረው ጥቁር ገመድ። ስሙ ሹሮናዋ ነው። ሽሮ አይደለም፣ ሹሮ። ከአንድ የዘንባባ ዓይነት ግንድ ላይ በሚገፈፍ ቃጫ ይገመዳል፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዋናው ቋጠሮ ኦቶኮ ሙሱቢ ይባላል፣ «የወንድ ቋጠሮ» እንደማለት። ኢቦ ሙሱቢም ይሉታል። ኢቦ ኪንታሮት ነው (የቆዳውን ማለቴ ነው!)፤ ታስሮ ሲያልቅ ጉብ ብሎ ስለሚቀር።

ጀማሪ የሚጀምረው በዮትሱሜ ጋኪ ነው። «ባለ አራት ዓይን አጥር» ማለት ነው፤ ቋሚና ማገር ተሻግረው ባዶ አራት ማዕዘን የሚተዉበት። ጉድጓድ ቆፍሮ ምሰሶ መትከል እንደምትችሉ ቆጥሬ ልለፍ።

ቋሚው በሳምንቱ መንሸራተት ጀመረ

ከአሥር ጥሪ ስምንቱ ይሄ ነው። አጥሩ ሲያልቅ ያምራል፣ ፎቶ ይነሳል። በሳምንቱ ልጅ ሲደገፈው ቋሚው ወደ ጎን ይሄዳል፣ ቋጠሮው ግን እንደታሰረ ነው። ባለቤቱ ግራ ይገባዋል።

ቋጠሮው ጥፋት የለበትም። ገመዱ የላላው ከመቋጠሩ በፊት ነው። ገመዱን እጥፍ አድርጋችሁ ማገሩና ቋሚው በሚገናኙበት ላይ በሰያፍ ትጠመጥማላችሁ። ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት ይመጣሉ። አንዱ ጫፍ ሌላውን ዞሮ ቀለበት ይሠራል፣ ሌላው ታጥፎ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ ይሳባል። ችግሩ ያለው ቀለበቱን በምትሠሩባት ቅጽበት ነው። አውራ ጣታችሁ መገናኛው ላይ ካልተጫነ ገመዱ ጥቂት ሚሊሜትር ያመልጣል። ያመለጠውን በኋላ በጉልበት አትመልሱትም። በጉልበት የምታጠብቁት ኪንታሮቱን ብቻ ነው።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር፣ ክንዱ የእኔን ጭን ያህላል። እግሩን ምሰሶው ላይ አስደግፎ ሲስብ ገመዱ ይበጠሳል እንጂ ቋሚው አይጠብቅም። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጃፓናዊ ግን ከ50 ኪሎ አይበልጡም። እሳቸው ያሰሩትን በሁለት እጅ ገፍቼ ማንቀሳቀስ አልቻልኩም። የአውራ ጣታቸው ጎን እንደ ተረከዝ ጠንክሯል። ሚስጥሩ እዚያ ነው።

መፍትሄው፦ ቁረጡትና እንደገና እሰሩ። ጠምጥሙ፣ ሳቡ፣ በግራ አውራ ጣት ተጫኑ። ቀለበቱ ተሠርቶ ጫፉ እስኪያልፍ ጣቱ አይነሳም። ስትስቡ ጣቱን በመጨረሻዋ ሰዓት አሹልኩት። ከዚያ ቋሚውን በአንድ ጣት ግፉት። ከሄደ አሁንም ቁረጡት። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ቆርጫለሁ።

አንድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ከጠራኝ በኋላ በራሱ ቋጠሮዎቹን በሙሉ በሙጫ ሞልቷቸው አገኘሁ። ኪንታሮቱ ድንጋይ ሆኗል፣ ቋሚው እንደልቡ ይሄዳል። ያንን በቢላ ስፍቅ ዋልኩ። ሙጫ አትቀቡ። የፕላስቲክ ማሰሪያም ከሥር አትደብቁ፤ ይታያል።

ገመዱ ይሻክራል፣ አልታዘዝም ይላል

በደረቁ ነው የጀመራችሁት። አገር ቤት አጥር ያጠረ ሰው ይሄን አይጠይቅም። «ጉድጓዱ ተምሶ፣ ልጡ ርሶ» የምንለው እኮ ማሰር ከመጀመሩ በፊት ነው። ጠዋት ባልዲ ውስጥ ጣሉት፣ እርጥቡን እሰሩ። እርጥቡ ይታጠፋል፣ ሲደርቅ ይጨብጣል። የተረፈውን ግን እርጥብ እንዳለ ከረጢት ውስጥ አትርሱት፣ ይሻግታል።

በደንብ ታስሮ ከወራት በኋላ ላላ

ቀርከሃው እርጥብ ነበር። ሲደርቅ ይቀጥናል፣ ገመዱ ባለበት ይቀራል። ቅጠል ከረገፈ በኋላ በብርዱ ወራት ተቆርጦ የደረቀ ግዙ። «ደርቋል» ያለውን ነጋዴ አትመኑ፤ አረንጓዴ ከሆነ አረንጓዴ ነው።

ገመዱ ያዳልጣል

ፕላስቲክ ነው። አስመስለው ጥቁር ያደርጉታል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ጫፉን በላይተር አቃጥሉት፤ ቀልጦ ከተንጠባጠበ ለልብስ ማስጫ ይሁናችሁ። ቃጫ አይቀልጥም፣ ይነዳል።

የቋሚው አናት በሰበሰ

ከአንጓው በላይ ራቅ ብሎ ተቆርጦ ዝናብ እንደ ስኒ ሞልቶታል። ልክ አንጓው አናት ላይ ቁረጡ።

ማገሩ ሚስማር ሲመታ ተሰነጠቀ

በመሰርሰሪያ ሳትበሱ አትምቱ። ሌላ የምለው የለኝም።

ዛፍ ላይ ያሰርኩት ቅርፊቱን በላው

ይሄ ያናድደኛል። ሕይወት ያለው ግንድ ይወፍራል። ቅርንጫፍ በምርኩዝ ስትደግፉ መጀመሪያ ቅርፊት ወይም ጆንያ ጠቅልሉበት፣ በዓመት አንድ ጊዜ እያያችሁ አላሉት። ፕላስቲክ ገመድ ዛፍ ላይ በጭራሽ። ሹሮናዋ ቢረሳ እንኳ ጊዜው ሲደርስ በስብሶ ይለቃል፣ ፕላስቲክ ግን ዛፉን እስኪያንቅ ይቆያል። ጃፓን ውስጥ ካናዛዋ ከተማ ኬንሮኩኤን በሚባለው የአትክልት ቦታ በየዓመቱ ጥቅምት መገባደጃ ላይ፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 1፣ ከረጅም ምሰሶ አናት እንደ ጃንጥላ ገመድ እየዘረጉ የጥድ ቅርንጫፎችን ማንጠልጠል ይጀምራሉ። እርጥቡ በረዶ ከባድ ስለሆነ እንዳይሰብራቸው ነው። የበረዶው ወራት ሲያልፍ ደግሞ ይፈቱታል። ፎቶውን አይታችሁ ጓሮ ውስጥ በሱ ልጀምር የምትሉ አላችሁ። ተዉት፣ መጀመሪያ አጥሩን እሰሩ።

እጄ ጠቆረ

የገመዱ ቀለም ነው፣ ሲርስ ይለቃል። ጓንት ይደረግ እንዳልል በጓንት ገመዱ ሲያመልጥ አይሰማችሁም። ሳሙናም ሎሚም ሞክሬያለሁ፤ በሁለት በሦስት ቀን በራሱ ይለቃል። ቅዳሜ አጥር አስሬ እሁድ ማኅበር ላይ እጄን ወደ ትሪው ስሰድ ጎኔ የነበሩት እትዬ ጥፍሬን አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ ደግሞ ጋራዥ ገባህ?» አሉኝ።